ክዳኑ 120 ይላል

ቅዳሜ ማታ

ሁለት ኪሎ ተኩል ፍርምባ። ስምንት ሰዓት ሙሉ የጢስ ምድጃው ውስጥ። ክዳኑ ላይ ያለው መርፌ ከ120 ንቅንቅ አላለም፤ እኔም ከወንበሬ ንቅንቅ አላልኩም። ማታ ቢላ ሳሳርፍበት ግን የጫማ ሶል ነው። ውጪው ያምራል፣ ጠቆር ብሎ ወዙ ያብረቀርቃል። ውስጡ ግን ጅማቱ ገና አልተፈታም። እህቴ አንድ ቁራጭ አንስታ ረጅም ጊዜ አኘከችና «አንተ፣ ይሄ ነገር ገና ነው እኮ» አለች። ሁለተኛ አላነሳችም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሥጋውን ነው። ቀጥሎ ከሰሉን። መለኪያው ትዝ ያለኝ እቃ ሳጥብ ነው። ቁጥር የተጻፈበትን ነገር መጠርጠር ይከብዳል መሰለኝ።

መለኪያው ከምድጃው ጋር አብሮ የመጣ ነው። ክብ፣ ፊቱ መስታወት፣ ከጀርባው አንድ ጣት የሚያህል የብረት ዘንግ የወጣለት። ባትሪ የለው፣ ሽቦ የለው። ዘንጉ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት አንድ ላይ ተጣብቆ እንደ ሞላ ተጠምዝዟል። ሁለቱ ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ስለዚህ ጥምዝምዙ ይዞራል፣ መርፌውንም ይዞት ይዞራል። ሥራው ይኸው ነው። ጠንካራ ዕቃ ነው፤ ግን ሲወድቅ፣ ሲጋጭ፣ ደጋግሞ ሲግል ሞላው ትንሽ ትንሽ ከቦታው ይሸሻል። የእኔ ደግሞ ከነክዳኑ ስንቴ ሲሚንቶ ላይ እንደወደቀ እኔ ነኝ የማውቀው።

ነገ ይፈተሻል። (እዚህ የምጽፈው ዲግሪ ሁሉ ሴልሺየስ ነው። የምግብ አሠራሮች 225 እና 250 ፋራናይት የሚሉት ወደ 107 እና 121 መሆኑ ነው።)

እሑድ ጠዋት

አንዱን መለኪያ በሌላ መለኪያ መፈተሽ ይቻላል። ግን ያኛውንስ ማን ፈተሸው? ባለ ሁለት ሴንሰር ዲጂታል አለኝ፤ አንዱ ሥጋ ውስጥ የሚሰካ፣ አንዱ ፍርግርጉ ላይ የሚቀመጥ። እስከ ዛሬ ያመንኩት ዲጂታል ስለሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ከእሱ ጀመርኩ፤ በበረዶ።

አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ፣ አምስት ስድስት ኩብ በረዶ ጣል ጣል አደረግኩ፣ ሴንሰሩን ነከርኩ። 3.2 አለ። ትንሽ ጠበቅኩ። አሁንም 3.2። «አንተም?» አልኩት።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ያዘጋጀሁት በረዶ የተንሳፈፈበት ውሃ ነው። ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ነው፤ ስለዚህ በረዶው ላይ ሆኖ ሲቀልጥ፣ 4 ዲግሪ የሚጠጋው ውሃ ታች ይተኛል። የእኔ ሴንሰር ጫፍ ደግሞ ታች፣ የብርጭቆው ወለል ላይ ነበር።

እንደገና። በረዶውን በፎጣ ጠቅልዬ በመዶሻ ደቆስኩት። ብርጭቆውን እስከ አፉ በደቃቅ በረዶ ሞላሁት፤ ውሃ የጨመርኩት ክፍተቱን እስኪሞላ ብቻ ነው። ሁለት ደቂቃ ተውኩት፣ አማሰልኩት። ሴንሰሩን መሃል ላይ፣ ግድግዳውንም ወለሉንም ሳይነካ ይዤ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። 1.4። 0.9። 0.5። 0.3። እዚያ ቆመ። ሁለተኛው ሴንሰር 0.1 ላይ ቆመ። ለሥጋ ሥራ ይሄ ከበቂ በላይ ነው። ጨው የነካው ዕቃ እንዳይገባ ግን መጠንቀቅ ነው፤ ጨው በረዶውን ከዜሮ በታች ይወስደዋል።

ባለ መርፌውን በበረዶ መፈተሽ አይቻልም። ቁጥሩ የሚጀምረው ከ50 ነው። ብዙዎቹ የክዳን መለኪያዎች እንዲሁ ናቸው፤ በረዶ ውስጥ ብትነክራቸው መርፌው ታች ተጋድሞ ዝም ይልሃል።

እሑድ ከሰዓት

የፈላ ውሃ። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» ብለን ተምረናል፤ እውነት የሚሆነው ግን ባሕር ጠለል ላይ ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር ውሃውን የሚጫነው አየር ይቀንሳል፣ ውሃውም ቀደም ብሎ ይፈላል። ለእጅ ሒሳብ፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ መቀነስ ይበቃል። እኔ ያለሁት 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። 2,300 ሲካፈል ለ300፣ ወደ 7.7። ስለዚህ የእኔ ድስት የሚፈላው 92.3 አካባቢ ነው። ይህን ሳያውቅ መርፌውን 100 ላይ የሚያስተካክል ሰው፣ ከመነሻው ስምንት ዲግሪ ስህተት በእጁ ጨምሮበት ነው የሚሄደው።

በነገራችን ላይ ይሄን ነገር ራሱ አንደርስ ሴልሺየስ ያውቀው ነበር። በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ፣ የመፍያው ነጥብ ከአየር ግፊት ጋር እንደሚለዋወጥ ጽፏል። የሚያስቀው ደግሞ ቁጥሩን ያስቀመጠው ተገልብጦ መሆኑ ነው፤ ዜሮ መፍያ፣ መቶ መቀዝቀዣ። የገለበጡት ከእሱ በኋላ ነው።

ድስቱ ተንተከተከ። ዲጂታሉ፦ አንደኛው ሴንሰር 92.5፣ ሁለተኛው 92.1። ጨዋ ልጆች።

ባለ መርፌውን ከክዳኑ ፈትቼ ጫፉን ነከርኩት። 71! ደነገጥኩ። ከዚያ ነገሩ ገባኝ። ሙቀት የሚለካው የዘንጉ ጫፍ ብቻ አይደለም፤ ጥምዝምዙ ከጫፉ ጀምሮ አራት አምስት ሴንቲ ሜትር ይወጣል። ያ ሁሉ ካልተነከረ ግማሹ ውሃ፣ ግማሹ አየር ይለካል። ጥልቅ ድስት ቀይሬ እስከ አንገቱ አስገባሁት። መርፌው ወጣ፣ 78 ላይ ቆመ። መስታወቱን በጥፍሬ መታ መታ ሳደርገው ዘለለና 81 ሆነ። መርፌው ይይዛል ማለት ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሳልመታው አላነብም።

ስለዚህ 11 ዲግሪ አሳንሶ ይናገራል።

ቆይ ግን። አሳንሶ ከተናገረ፣ ትናንት 120 ሲል ምድጃው ከ130 በላይ ነበር ማለት ነው። ታዲያ ሥጋው መፍረስ ሲገባው እንዴት ጫማ ሆነ? ይሄን ጥያቄ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። መልስ የለኝም።

ለማንኛውም አስተካከልኩት። ከጀርባው፣ ዘንጉ ክቡን የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ዳዶ አለ። ዘንጉ ከፈላው ውሃ ሳይወጣ ዳዶውን በቁልፍ ትይዛለህ፣ ክቡን በፒንሳ ቀስ አድርገህ ታዞራለህ። የእጅ ጓንት አድርግ። እኔ አላደረግኩም፤ እንፋሎቱ ጣቴን ላጠው። መርፌው 92 ላይ ተቀመጠ።

ረቡዕ ማታ

ዶሮ። ክዳኑ 120፣ ይሄኛው የተስተካከለው 120። ከሁለት ሰዓት በኋላ ታፋው ውስጥ 61። ዶሮ 74 ሳይደርስ አይበላም፤ በኩሽና ምድጃ ጨረስኩት። ባስተካከልኩት ቁጥር ባሰበት። ዛሬ ሌላ አልጽፍም።

ቅዳሜ

ባዶ ምድጃ፣ ሥጋ የለም። ዛሬ ሙከራ ብቻ።

አንደኛውን ሴንሰር ክዳኑ ውስጥ ከባለ መርፌው ዘንግ ጋር በቀጭን ሽቦ ጎን ለጎን አሰርኩት። ሁለተኛውን ፍርግርጉ ላይ፣ ሥጋ የሚቀመጥበት መሃል ላይ አደረግኩ፤ ብረቱን እንዳይነካ የበሳሁት እንጨት ውስጥ ሰክቼ። ከሰሉ ፍም እስኪሆን ጠበቅኩ። የውሃ ትሪውን እንደ ወትሮው ከፍርግርጉ ሥር አስገባሁ። ዘጋሁ። አርባ ደቂቃ ምንም አልነካሁም፤ ይሄ ከባዱ ክፍል ነው።

መርፌው 120።
ክዳኑ ጋ ያለው ሴንሰር 124።
ፍርግርጉ ላይ ያለው 97።

ቁጥሮቹን ደግሜ አየሁ። ገመዶቹን አቀያየርኩ፤ ያው ነው። በአንድ ምድጃ ውስጥ፣ በአንድ ክዳን ሥር፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት 27 ዲግሪ ልዩነት።

ሳስበው ደግሞ አይገርምም። የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ክዳኑ ጫፍ ላይ ተጠራቅሞ ከዚያ ወደ ጢስ ማውጫው ይሄዳል። ከታች ግን የውሃ ትሪው አለ፤ ውሃው እየተነነ ሙቀት ይበላል። ሥጋ ሲኖር ደግሞ ቀዝቃዛው ሥጋ ራሱ ዙሪያውን ያቀዘቅዛል። መርፌው ያለበትን ቦታ ነው የነገረኝ። ሥጋው ያለበትን ቦታ ማንም አልጠየቀውም።

የባለፈው ጥያቄዬ ግማሽ መልስ አገኘ። ግማሽ የምለው፣ ያኔ መርፌው 120 ሲል ክዳኑ ከ130 በላይ ስለነበር ፍርግርጉ መሃል ላይ ከመቶ ትንሽ ማለፍ ነበረበት። ለስምንት ሰዓት ያ ብዙም መጥፎ አይደለም።

ግማሹን ዳቦ መለሰው። የተቆራረጠ ዳቦ ገዝቼ ፍርግርጉን ሙሉ ደረደርኩበት፣ ምድጃውን በደንብ አጋልኩት፣ ሩብ ሰዓት ዘጋሁት። ስከፍተው ካርታ ነው። ፍሙ ባለበት በኩል ጥቁር፣ መሃሉ የንብ ማር፣ ከጀርባ በስተግራ ያለው ጥግ ደግሞ ነጭ፤ ደርቋል እንጂ አልተጠበሰም። ሴንሰሩን እዚያ ጥግ ወስጄ አየሁ፤ ከመሃሉ 12 ዲግሪ ይቀንሳል። እኔ ሁልጊዜ ሥጋዬን የማስቀምጠው የት ነው? «ከፍሙ ይራቅ» ብዬ እዚያው ጥግ። ያን ቅዳሜ ፍርምባው የነበረበት ቦታ 95 እንኳ መድረሱን እጠራጠራለሁ።

የክዳኑ ሴንሰርና መርፌው መካከል ያለው የ4 ዲግሪ ልዩነት ይቆየኝ። ውሃ ውስጥ እኩል ነበሩ።

እሑድ

ትንሽ ጉዳት። ትናንት ማታ ሴንሰሮቹን ከነገመዳቸው ቧንቧ ሥር አጠብኳቸው። ዛሬ ጠዋት አንደኛው፣ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ፣ 187 ይላል። ገመዱ ከብረቱ ጋር የሚጋጠምበት ቦታ ውሃ ገብቶበታል። እነዚህ ሴንሰሮች ሲሞቁ የኤሌክትሪክ መከላከላቸው ይቀንሳል፤ እርጥበቱ ኤሌክትሪኩን በአቋራጭ ሲያሳልፈው መከላከሉ የቀነሰ ይመስላል፣ ዕቃውም «ሞቄያለሁ» ብሎ ያነበዋል።

ለብ ባለ የኩሽና ምድጃ ውስጥ አንድ ሰዓት አደረቅኩት። ቀስ በቀስ ወደ ልቡ ተመለሰ። በረዶ ውስጥ ደግሜ ነከርኩት፤ ጫፉን ብቻ፣ መጋጠሚያውን ሳላስነካ። 0.3። ከሞት ተረፈ። ከእንግዲህ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ እንጂ ማጠብ የለም።

ሰኞና ማክሰኞ ማታ

መርፌውን ወደ ፍርግርጉ ማውረድ አለብኝ። ግን ከክዳኑ ከወረደ አይቀር ያቺን 4 ዲግሪ መጨረስ ፈለግኩ።

መጀመሪያ ጽዳት። ዘንጉ በጢስ ቅጥራን ተለብጧል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ በጥፍር የማይለቅ። በኮምጣጤና በብረት ሱፍ ፈተግኩት። ከሥሩ ነጭ ብረት ወጣ። ቅጥራኑ ቁጥሩን አያጣምመውም፤ ያዘገየዋል እንጂ። ኮት ለብሶ ሙቀት መለካት ነው። ከጽዳቱ በፊት የፈላ ውሃ ውስጥ ለመረጋጋት ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጅበት ነበር፤ አሁን አንድ ደቂቃም አይሞላ።

ከ100 በላይ በውሃ መፈተሽ አይቻልም። የሞቀ ዘይት ይቻላል፤ እኔ ግን ዘይትና ግድየለሽነቴን አብሬ ማየት አልወድም። አሸዋ ተጠቀምኩ። ትንሽ ድስት ውስጥ ደረቅ አሸዋ፣ ባለ መርፌውና ዲጂታሉ ጎን ለጎን እኩል ጥልቀት ተቀብረው፣ ኩሽና ምድጃ ውስጥ። አሸዋ ቶሎ አይሞቅም፣ ቶሎም አይቀዘቅዝም። ምድጃው አንዴ ቦግ አንዴ ጠፋ ቢልም አሸዋው ግድ የለውም። ለአንድ ቁጥር ከአንድ ሰዓት በላይ መጠበቅ ነው፤ ሁለት ማታ የፈጀው ለዚህ ነው።

ዲጂታሉ 100 ሲል መርፌው 99።
120 ሲል 116።
150 ሲል 142።

አሃ። መርፌው ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን እርምጃውም አጭር ነው። ሰዎች አሥር ሲራመዱ እሱ ስምንት ተኩል ይራመዳል። 92 ላይ አስተካከልኩት፤ ከ92 በራቀ ቁጥር ወደ ኋላ ይቀራል። ዳዶው የሚያዞረው መነሻውን ብቻ ነው፤ የእርምጃውን ርዝመት የሚቀይር ነገር ይሄ ዕቃ የለውም።

ሁሉም ቦታ ላይ ልክ ማድረግ ካልተቻለ፣ የምሠራበት ቦታ ላይ ልክ ይሁንልኝ። አሸዋውን 115 ላይ አረጋግቼ መርፌውን እዚያ አስቀመጥኩት። ከ105 እስከ 125 ባለው ከአንድ ዲግሪ ተኩል በላይ አይስትም። 150 ላይ ይዋሽ፤ 150 ላይ ምን እሠራለሁ? የፈላ ውሃ ውስጥ ብነክረው ደግሞ አሁን 95 ይላል፤ ይሄን ካልጻፍኩት ከስድስት ወር በኋላ ረስቼ እንደገና «ላስተካክለው» እንደምል ራሴን አውቀዋለሁ። በማርከር ጀርባው ላይ «ፈላ = 95» ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ

ቀዳዳ። ፍርግርጉ ካለበት ሁለት ጣት ከፍ ብሎ፣ ከፍሙ በተቃራኒ በኩል፣ ግን ከዚያ ቀዝቃዛ ጥግ ራቅ ብሎ። ወደ ፍሙ የቀረበ እንደሆነ አየሩን ትቶ የፍሙን ግለት ይለካል። ላሜራው ላይ በሚስማር ነጥብ መታሁበት፣ ትራፓኑ እንዳይንሸራተት። ቢሆንም ተንሸራተተ፤ ቀለሙ ላይ የጣት ርዝመት ጭረት አለ። ጠርዙን በሞረድ አለሰለስኩት። ዘንጉ ገባ፣ ዳዶው ጠበቀ። ፍርግርጉ ላይ ካለው ሴንሰር ጋር ሳስተያየው የሁለት ዲግሪ ልዩነት። ይበቃል።

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ

ፍርምባ፣ ያው ሁለት ኪሎ ተኩል። መሃል ላይ። መርፌው 115።

4 ሰዓት ላይ ሥጋው 68 ደረሰና ቆመ። 4፡30፣ 68። 5፡30፣ 69። ይሄን ስለማውቀው አልደነገጥኩም፤ ሥጋው እያላበው ነው። ከላዩ የሚተነው ውሃ የሚገባለትን ሙቀት ሁሉ ይዞበት ይወጣል። ድሮ ቢሆን ይሄኔ ከሰል እጨምር ነበር። 7 ሰዓት ሲሆን በወረቀት ጠቅልዬ መለስኩት፤ መሄድ ጀመረ።

9 ሰዓት ላይ 86። 9፡40፣ 89። 10፡10፣ 90። ከዚያ 91 ለመድረስ ብዙ ቆየ።

የያዝኩት አሠራር «95 ሲሆን አውጣ» ይላል። ስጠብቅ ስጠብቅ ድንገት ድስቱ ትዝ አለኝ። 92.3! ሥጋ አብዛኛው ውሃ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃው ሳያልቅ ከዚያ ማለፍ ይከብደዋል። 95ን ብጠብቅ የምጠብቀው ሥጋው እስኪደርቅ ነው። ያ ቁጥር የተጻፈው ባሕር አጠገብ ነው። ጅማቱን የሚያጠነክረው ኮላጅን ደግሞ ወደ ለስላሳው ጄላቲን ለመቀየር 95ን አይጠብቅም፤ ከ70 በላይ ቆይቶ ጊዜ ካገኘ ቀስ እያለ ይፈታል።

ሴንሰሩን አውጥቼ ሌላ ቦታ ወጋሁት። እንደ ቅቤ ገባ። ሦስት ቦታ ሞከርኩ፤ ሦስቱም ቅቤ። 10፡30 ላይ፣ 91 እያለ፣ አወጣሁት። አንድ ሰዓት አረፈ። ስቆርጠው ቁራጩ በራሱ ክብደት ጎብጦ ተንጠለጠለ፤ ግን አልተበጠሰም። እህቴ ሦስት ቁራጭ በላችና ለአራተኛው እጇን ስትዘረጋ አየኋት።

እሑድ

የቀረ ሥራ። የክዳኑን ቀዳዳ በአጭር ቡሎንና በሁለት ሮንዴላ ደፈንኩት፤ ዝናብ እንዳይገባ። ጭረቱን ሙቀት የሚችል ቀለም እቀባዋለሁ፣ ቀለሙን ሳገኝ። የበረዶውን ፈተና በየወሩ፣ የአሸዋውን ምድጃው ሲወድቅ ብቻ።

ከሰዓት የተረፈውን ሥጋ ላሞቅ ምድጃውን ለኮስኩ። እህቴ ከበረንዳው ሆና «ክዳኑ ስንት ይላል?» ብላ ጮኸች።

«ክዳኑ ላይ ቡሎን ነው ያለው» አልኳት።